ውኃን ከመርዘኛ ማዕድን ስለሚያነጻ ከሰል

ውኃ ጠርቶ ሲታይና ሽታ ሲያጣ ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ይጠጣዋል። የደፈረሰውን አጥልሎ፥ የተጠረጠረውንም አፍልቶ መጠጣት የሚመሰገን ልማድ ነው። ነገር ግን እርሳስ፥ ካድሚየም፥ አርሴኒክ፥ ሜርኩሪም የሚባለው ባዜቃ በውኃ ውስጥ ሟሙተው ሲገኙ ዐይን አያያቸውም፥ አፍንጫም አይለያቸውም። ማፍላትም ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ በቀነሰ መጠን በቀረው ውስጥ መርዙ ይበረታል። ስለዚህ በዚህ ነገር ምስክሩ የቤተ ሙከራ ልኬት እንጂ ዐይንና ምላስ አይዶለም።

የተመረዘ ፍሳሽን ችላ ማለት የሚያመጣው ጥፋት በጃፓን አገር ሚናማታ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ታይቷል። በዚያ የነበረው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ባዜቃ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሮ፥ መርዙ በዓሣው ሥጋ ተከማችቶ የበሉትን ሰዎች እጅና እግር አንቀጠቀጠ፥ የዐይናቸውን ብርሃን ቀነሰ፥ በማሕፀን የነበሩትን ሕፃናት ሳይቀር ጐዳ። በሽታው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ፤ የአገሩ መንግሥት ግን ምክንያቱ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን አረጋግጦ የተናገረው በ1968 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት ፍሳሹ አልተቋረጠም ነበር።

እንዲህ ያለውን ፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ከመድረሱ በፊት ለማንጻት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ከሰል ነው። ከሰል የፈሳሽን ቀለም መምጠጡን ሎቪትስ የተባለው የሴንት ፒተርስበርግ ኬሚስት በ1785 ዓ.ም. ተመልክቷል። እንጨት ወይም የኮኮናት ቅርፊት ከከሰለ በኋላ በብርቱ ሙቀትና በእንፋሎት ቢታከም፥ ለዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎች እንደ ማር እንጀራ ይበሳሳል፤ የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ከሰል ሽታንና ቀለምን በደንብ ይይዛል። የሟሟውን ማዕድን ግን እንዲሁ በቀላሉ አይዝም፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፥ ነጋዴውም አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱን አያቃናም።

የማዕድኑ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ በውኃ ተከቦ ስለሚኖር፥ የሚያስረው ነገር በከሰሉ ገጽ ላይ ካላገኘ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ከሰሉን እንደሚፈለገው ማዕድን ጠባይ ይለውጡታል። በናይትሪክ አሲድ ሲታጠብ ኦክሲጅን ያለባቸው ማሰሪያዎች በገጹ ላይ ይፈጠሩና እርሳስንና ካድሚየምን ይይዛሉ። ድኝ የጠጣ ከሰል ባዜቃን ይይዛል፤ ድኝና ባዜቃ ሲገናኙ አጥብቀው የሚጣመሩ ናቸውና። ለአርሴኒክ ደግሞ ከሰሉን ዝገት በመሰለ የብረት ውሕድ ማልበስ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ለእርሳስ የተዘጋጀው ከሰል አሲድ በበዛበት ውኃ ውስጥ ኀይሉ ይደክማል፤ የአሲዱ ሃይድሮጅን ማሰሪያውን ቀድሞ ይይዝበታልና።

በአገራችንም ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይዶለም። የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳውን የሚያለፉት አብዛኛውን ጊዜ በክሮሚየም ጨው ነው። የአቃቂም ወንዞች የአዲስ አበባ ከተማንና የፋብሪካዎቿን ፍሳሽ ለብዙ ዘመን ተሸክመው ሲወርዱ፥ በዳርቻቸው ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ አትክልት ሲያለማ ኖሯል። መርማሪዎችም በውኃውና በአትክልቱ ውስጥ መርዘኛ ማዕድኖች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ከቆዳ ፋብሪካ ለሚወጣው ብዙ ፍሳሽ በመጀመሪያ ክሮሚየሙን በኖራ አዝቅጦ መለየት ይቀላል፥ ዋጋውም ይረክሳል፤ የተዘጋጀው ከሰል ከዚያ ለተረፈው ጥቂት ቅሪት ቢቀመጥ ይሻላል። ከሰሉንም ከውጭ አገር ብቻ መጠበቅ አያሻም፤ ከቡና ገለፈት ማዘጋጀት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከቤተ ሙከራ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ግን አጭር አይዶለም።

ከሁሉ የሚረሳው የከሰሉ ፍጻሜ ነው። ማሰሪያዎቹ ሁሉ በተያዙ ጊዜ ከሰሉ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ውኃው እንደ ቀድሞው ጠርቶ ይወርዳል፥ እርሳሱም አብሮት ይወርዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያመለከተው የእርሳስ ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ስለ ሆነ፥ ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር በየጊዜው መለካት እንጂ መገመት አይቻልም። የጠገበውም ከሰል በሜዳ ቢጣል ዝናም አጥቦ መርዙን ወደ ወንዙ ሊመልሰው ይችላል፤ በአሲድ ታጥቦ ዳግመኛ ቢሠራበትም መርዙ ወደ አሲዱ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ ለማጥለያ መግዣ የሚፈርም ሹም፥ ከዋጋው ጋራ ከሰሉ ለየትኛው ማዕድን እንደ ተዘጋጀ፥ በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ፥ የተለወጠውም ወዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።