የጨዋታው ኬላና የቤቴል ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችንን ለመጠየቅ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፍረን ወደ ቤቴል ሄደን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ አብረን ከወጣን ገና ዓመት አልሞላንም፤ ሥራ ግን እሱ ከኛ ቀድሞ ስለ ያዘ፥ ቢያንስ ማኪያቶ ይጋብዘናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ከቤቱ ስንደርስ እናቱ፥ «ልጄ፥ እዚያ ጨዋታ ቤት ነው የምታገኘው፤ ደመወዙንም ዕረፍቱንም እዚያው ነው የሚጨርሰው» ብለው ከምሬትም ከሣቅም በተቀላቀለ ድምፅ ነገሩን።

ጨዋታ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ደጁ ላይ ጆተኒ ቆሟል፤ ከውስጥ አራት ቴሌቪዥኖችና አራት ፕሌይስቴሽኖች ተደርድረዋል፤ በአግዳሚው ላይ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ጆይስቲክ ጨብጠዋል። በአራቱም ቴሌቪዥኖች የሚታየው አንድ ዓይነት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሕጉም ቀላል ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፥ ያሸነፈ ከመቀመጫው አይነሣም። ጓደኛችን በዚያ ሰዓት በአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ለባዶ እየተመራ ስለ ነበር፥ ሰላምታችንን በቅንድቡ ብቻ መለሰልን።

እኛም እስኪሸነፍ ድረስ ቆመን ስንጠብቅ፥ የቤቱን ባለቤት፥ «ለመሆኑ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ካለ ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጫወት የለም ወይ?» ብለን ጠየቅነው። «ወንድሜ፥ እዚህ የሚጫወቱት ዐይን ለዐይን እየተያዩ ነው፤ ያኛው መንገድ ለኛ አልተሠራም» አለን።

ይህን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ዘወር ብሎ፥ «ጋሼ፥ እኔ ሞክሬዋለሁ» አለ። ጋሼ መባላችን ትንሽ ቢያስደነግጠንም ጆሯችንን ሰጠነው። ልጁ የነገረን እንዲህ ነው። አክስቱ ከዐረብ አገር ስትመለስ አንድ ያገለገለ ኮንሶል አመጣችለት። በየወሩ እየተከፈለበት ሺሕ ሰዎች በአንድነት ከሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ለመግባት ሲሞክር፥ መጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ «አገርህ የት ነው?» የሚል ሆነ። ከቀረቡለት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ አጣት። ስለዚህ አክስቱ የምትኖርበትን አገር ጻፈ፤ ክፍያውም በአክስቱ ካርድ ሆነ። ሌት ሌት እየተነሣ አሥር ወር ያህል ደከመ፤ ከፊሊፒንስና ከግብፅ ልጆች ጋር ማኅበር ገባ፤ እንግሊዝኛውም ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ በዚያ ተሻሻለ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አካውንቱ ተቆለፈና፥ በጻፈው አገር እንደሚኖር በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። ምን ማስረጃ ያቅርብ? የአሥር ወር ድካሙ በዚያው ቀረ። የኩባንያውን ስም እዚህ አናነሣም፤ እንዲህ ያለው ደንብ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህ ነገር ከሐሳባችን አልወጣ አለ። አንባቢያችን «ለጨዋታ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድር ነው?» ሊለን ይችላል። ነገሩ ግን የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ቀጥለን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኬላ ማለት ምን እንደ ሆነ

የጥንት ነጋዴዎቻችን ጨውም ሆነ ቡና ጭነው ሲጓዙ በየኬላው ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ኬላ ያለው ባላባት መንገዱን ባይሠራውም በሩን ስለ ያዘ ብቻ ይበላል፤ ያልፈቀደውም ሰው አያልፍም። የኮንሶል ዓለምም ከዚህ ብዙ አይለይም። በኮምፒዩተር ላይ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ሥራውን በቀጥታ ለተጫዋቹ ያቀርባል፤ ክፍያውንም ራሱ ይሰበስባል። በኮንሶል ላይ ግን ማሽኑን የሠራው ኩባንያ የመረቡም ጌታ ነው። ምን ጨዋታ እንደሚገባ፥ በየጊዜው የሚደረገው ማሻሻያ መቼ እንደሚለቀቅ፥ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ፥ ከየትኛው አገር ሰው እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። የተዘጋ መረብ የሚባለውም ይኸው ነው።

በየወሩ የሚከፈልበትና ብዙ ሰው በአንድነት የሚኖርበት ጨዋታ ደግሞ በጠባዩ እንደ ዕድር ነው። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ዳኛው ሕጉን ያስከብራል፤ ማኅበሩም አንድ ቀን ሳይቋረጥ ይኖራል። እንግዲህ ዕድሩ የራሱ ዳኛና የራሱ መዋጮ እያለው በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ልሰብሰብ ቢል፥ የግቢው ጌታና የዕድሩ ዳኛ መጋጨታቸው አይቀርም። የሃያ ዓመቱ ታሪክ በሙሉ የዚህ ግጭት ታሪክ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከጃፓን የተነሣው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፋንታሲ ስታር ኦንላይን» የተባለውን ጨዋታ ድሪምካስት በተባለው ማሽኑ ላይ አወጣ። ሰዎች ከየቤታቸው በስልክ መስመር እየተገናኙ አብረው ተጫወቱ። ማሽኑ ግን ገበያ ስላልቀናው ሴጋ በሚቀጥለው ዓመት መሥራቱን አቆመ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ዓ.ም. ስኩዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት «ፋይናል ፋንታሲ 11»ን በፕሌይስቴሽን 2 ላይ በወር ክፍያ አቀረበ። ፕሌይስቴሽን 2 ለዚህ ሥራ አልተሰናዳም ነበርና፥ ተጫዋቹ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ መግጠም ነበረበት። በዚያው ዓመት የኮምፒዩተር ተጫዋቾች ተጨመሩ፤ በ2006 ደግሞ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ተጫዋቾች ገቡ። የሦስቱ ማሽኖች ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ ይገናኙ ነበርና፥ በዚያን ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሁለቱ ኮንሶሎች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 እስከ ተዘጋ ድረስ እንዲሁ ኖሩ።

ሆኖም ሌላውን ኬላ ማይክሮሶፍት በኅዳር 2002 አቁሞ ነበር። ኤክስቦክስ ላይቭ የሚባለው መረብ በዓመት ወደ 50 ዶላር የሚከፈልበት ሆኖ ተጀመረ። ጨዋታውን የገዛ ሰው ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት እንደ ገና ለመረቡ ይከፍላል ማለት ነው። ሶኒም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

የዚህ ኬላ ጉልበት የታየው ግን በ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ነው። ይህ ጨዋታ ከመጀመሪያው ውድቀቱ ታድሶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ሲወጣ ለኮምፒዩተርና ለፕሌይስቴሽን 3 ብቻ ሆነ። የጨዋታው ኃላፊ ናኦኪ ዮሺዳ፥ የኤክስቦክስ መረብ ተጫዋቾቹ ከሌላ መረብ ተጫዋቾች ጋር እንዲቀላቀሉ ባለመፍቀዱ ምክንያት ወደዚያ እንዳልገቡ በግልጽ ተናግረዋል። ዕድሩን ለሁለት ከፍለው በየግቢው ለየብቻ ማስቀመጥ አልፈለጉም። ድርድሩም ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የኤክስቦክስ አለቃ ፊል ስፔንሰር በላስ ቬጋስ በተደረገው የጨዋታው ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥተው ስምምነቱን አበሠሩ፤ በመጋቢት 2024ም ጨዋታው ለኤክስቦክስ ወጣ። ከመጀመሪያው ቀን አሥር ዓመት ያልፋል። ይህም ሆኖ የኤክስቦክስ ተጫዋች ሲገባ የጨዋታውን ወርኃዊ ክፍያና የመረቡን ክፍያ ሁለቱንም እንዲከፍል ተደረገ፤ በፕሌይስቴሽን ግን ለዚሁ ጨዋታ የመረቡ ክፍያ አልተጠየቀም። አንዱ ነጋዴ በአንድ ኬላ፥ ሌላው በሁለት ኬላ አለፈ ማለት ነው።

ከቤቴል ሆኖ ሲታይ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የኃያላን ክርክር ነው። አሁን ወደ ቤቴል እንመለስ።

የመጀመሪያው ኬላ የአገር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የገዙ ሰዎች ሁሉ የፕሌይስቴሽን መረብ አካውንት እንዲያወጡ አዘዘ። ነገር ግን መረቡ በይፋ የሚሠራው ከ70 በማይበልጡ አገሮች ገደማ ነበር፤ ከአፍሪካም በዚያ ጊዜ በዝርዝሩ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ጨዋታው ከ177 አገሮችና ግዛቶች ገበያ ላይ ተነሣ። ተጫዋቾቹ በዓለም ዙሪያ ጩኸት ስላሰሙ ሶኒ በጥቂት ቀን ውስጥ ትእዛዙን ሻረ። ከዚህ የምንማረው፥ ኬላ ዘበኛው እንደሚመስለው የማይነቃነቅ አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው ኬላ ገንዘቡ ነው። የ«ፋይናል ፋንታሲ 14» አነስተኛው የወር ክፍያ 12 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፥ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበር ይህ 740 ብር ያህል ነው። ዶላሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፥ ያው ክፍያ ወደ 1,300 ብር ወጣ። ጨዋታው ሳይለወጥ፥ ልጁም ደመወዝ ሳይኖረው ማለት ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ አብዛኛው ሰው በኪሱ የያዘው የብር ካርድ በውጭ አገር መደብር ፊት ከተራ ፕላስቲክ አይሻልም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለን የመብራት ሒሳብ ቤታችን ተቀምጠን እንከፍላለን፤ የጨዋታው ኬላ ዘበኛ ግን ቴሌብርን አያውቀውም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ይህ ጨዋታ ሰርቨሮቹን ያኖረው በጃፓን፥ በሰሜን አሜሪካ፥ በአውሮፓና በአውስትራሊያ በኩል ነው፤ በአፍሪካ የለም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰኮንድ በታች ሊሆን አይችልም። እኛ ደግሞ የባሕር በር ስለሌለን መስመራችን በጎረቤት አገር ዞሮ ባሕር ይገባልና ከዚህም ይረዝማል። በእግር ኳስ ጨዋታ ይህ መዘግየት ጎል ያስገባል፤ በረጅሙ የወር ክፍያ ጨዋታ ግን ሊቻል የሚችል ነው። ሊቻል የማይችለው መቋረጡ ነው። መብራት ሲጠፋም፥ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋም፥ የወሩ ሒሳብ ቀኑን መቁጠሩን አያቆምም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወላጆች «ይሻላል፥ ተዘግቶ ይቅር» ቢሉ አንፈርድባቸውም። በየወሩ የሚከፈልበት ጨዋታ «ከከፈልሁ አይቀር» እያሰኘ ሌሊቱን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ለተማሪ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ነገር ግን የሚበጀው ልጁን መምከር፥ ሰዓቱንም መወሰን እንጂ፥ በሩ በባዕድ እጅ መዘጋቱን እንደ በረከት መቁጠር አይመስለንም። ዛሬ በጨዋታ ላይ ያለው ኬላ ነገ በመጽሐፍ፥ በትምህርትና በሥራ መሣሪያ ላይም ይገኛልና። ጨዋታ በመሥራት የሚተዳደር ወጣትም በአገራችን ተነሥቷል፤ ቅኔ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለእጅ ስልክ ሠርቷል። እንደነዚህ ያሉ ሠሪዎች ነገ ወደ ኮንሶሉ ገበያ ልግባ ቢሉ የሚያገኙት ያንኑ በር ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ወጣት ባለሥልጣኖች አንድ ነገር እናሳስባለን። ኬላዎች የተከፈቱት በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በድርድር፥ ወይ በብዙ ሰው ድምፅ። ዮሺዳ ዓመታት ተደራድረው አስከፈቱ፤ የ«ሄልዳይቨርስ» ተጫዋቾች ጮኸው አስከፈቱ። የኛ ባንኮችና የቴሌ ድርጅቶች ከነዚህ የመረብ ጌቶች ጋር ተቀምጠው፥ «ደንበኛ አለን፥ ገንዘቡን በብር ሰብስበን በሕጋዊ መንገድ እናስተላልፋለን፤ አገራችንንም በዝርዝራችሁ ጻፉ» ቢሏቸው የሚያፍሩበት ነገር የለም። ያልጠየቁት በር አይከፈትም።

ከቤቴል ስንወጣ ያን ልጅ፥ «አሁን ቢፈቀድልህ እንደ ገና ትጀምራለህ ወይ?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና፥ «ጋሼ፥ ድካሙስ ምንም አይደል፤ እጀምራለሁ። ግን አገሬን ሌላ ብዬ ሁለተኛ አልጽፍም» አለን።

ጓደኛችንም ሦስት ለባዶ እንደ ተመራ አልቀረም፤ አምስት ለባዶ ተሸንፎ ወጣ። በሕጉ መሠረት የሚከፍለው እሱ ነበር፤ ነገር ግን ደመወዝ ገና ስላልወጣ፥ የጨዋታውንም የማኪያቶውንም ሒሳብ የከፈልነው እኛ ነን።