ተመልካች የሚጨርሰው ተውኔት

ጸሐፌ ተውኔት ድርሰቱን ብዙውን ጊዜ የሚያርመው ብዕሩን ይዞ ነው። ተመልካች መድረክ ላይ ወጥቶ ለሚሳተፍበት ተውኔት ግን ይህ አይበቃም፤ ግማሹ ቃለ ተውኔት ያለው በተመልካቹ ዘንድ ነውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለው ተውኔት በታዳሚ ፊት ተደጋግሞ በመፈተን እንዴት እንደሚቀረጽ፣ የብራዚላዊውን የአውጉስቶ ቦአልን ፎረም ቴአትር ምሳሌ አድርጌ አስረዳለሁ።

ቦአል እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሳተፍ፣ ተዋንያኑ አንድን ችግር እስከ ጡዘቱ አድርሰው ያቆሙ ነበር፤ ተመልካቹ ከመቀመጫው መፍትሔ ይጠቁማል፣ እነሱም ወዲያው ይጫወቱታል። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን የቀረበው ትእይንት ማንበብ ስለማትችል ሴት ነበር። ባሏ የቤት ሥራ ደረሰኝ ነው እያለ ያስቀመጠባት ወረቀት የውሽማው የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ከተመልካቾቹ አንዷ በግልጽ ታነጋግረውና ይቅር ትበለው የሚል ሐሳብ አቀረበች። ተዋናይቷ አነጋገረችው፤ ሴትዮዋ አልረካችም። ተደገመ፤ አሁንም አልረካችም። በመጨረሻ ራሷ እንድታሳይ ተጋብዛ ወጣችና ባል የሆነውን ተዋናይ በመጥረጊያ እንጨት ደበደበችው። «በግልጽ ማነጋገር» ለእሷ ይህ ነበር! እንደ እኔ አስተያየት የዘዴው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ታዳሚን ጠይቆ የሚገኘው መልስና ሲያደርግ ታይቶ የሚገኘው መልስ አንድ አይደሉም።

በፎረም ቴአትር ተውኔቱ በዋናው ገጸ ባሕርይ ሽንፈት እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ ይታያል። ሲደገም ማንኛውም ተመልካች «ቁም» ብሎ ቦታውን ሊወስድ ይችላል። ሌሎቹ ተዋንያን ግን በቀላሉ አይሸነፉለትም። (አዝማሪ ቤት ለለመደ ሰው ይህ ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል ይቀበላል፣ የቦአል ተዋናይ ግን ይሟገታል።)

ከተማሪዎቼ ጋር ስንሞክር የምመዘግበው ጭብጨባውን ሳይሆን «ቁም» የተባለበትን ቦታ ነው። ማንም ካልተነሳ፣ ሰበቡ ብዙ ጊዜ የታዳሚው ዓይን አፋርነት ሳይሆን ገጸ ባሕርይው ሌላ ነገር ሊያደርግ የሚችልበት ቅጽበት አለመኖሩ ነው። ችግሩ በመጀመሪያው ሰው ከተፈታ ደግሞ ተቃራኒው ገጸ ባሕርይ ደካማ ነው ማለት ነው። ትእይንቱ ታርሞ ለሌላ ታዳሚ ይቀርባል፤ የቀድሞው መልሱን ያውቀዋልና።

ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ የከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ወቅት፣ በዚሁ መንገድ ከተመልካች የተገኙ ሐሳቦች ተመርጠው ወደ ረቂቅ ሕግነት ይለወጡ ነበር። ከእነዚህም 13ቱ ጸድቀዋል።