ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፤ የአቶ መንግሥቱ ወርቁ የሥራ ዘመን

በ2010 ዓ.ም. የወላይታ ድቻ ቡድን የግብጹን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፥ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ፥ በመጨረሻ በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎት ማለፉን የሶዶ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከደስታው በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ተጫዋቹ መጫወቱን ሲያቆም በሜዳ ያካበተው ዕውቀት ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመፈለግ በ2003 ዓ.ም. ያረፉትን የአቶ መንግሥቱ ወርቁን የሥራ ዘመን እንመለከታለን።

አቶ መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን አጥቂ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፥ ማለት ግብጽን፥ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስትረታ አራተኛዋን ግብ ያገቡት እርሳቸው ናቸው። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። እንግዲህ አቶ መንግሥቱ የሠለጠኑት ጨዋታውን ራሱ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፥ አቶ መንግሥቱ በተራቸው የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ሆነው ቀረቡ። ቡድኑ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፥ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ግብ አግቢው ያሠለጠኑት ቡድን አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ መመለሱ፥ «ጥሩ ተጫዋች ጥሩ አሠልጣኝ አይሆንም» የሚያሰኝ ይመስላል።

እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። ኢትዮጵያ እንደገና ለዚህ ውድድር የበቃችው በ2005 ዓ.ም.፥ ከ31 ዓመት በኋላ ስለሆነ፥ ቡድንን እዚያ ማድረስ ብቻውን ቀላል ሥራ አልነበረም። ደግሞም ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩ ናቸው። አጥቂ ክፍተት አይቶ ወዲያው ይመታል፤ ለምን እንደ መታ ማስረዳት አይጠበቅበትም። አሠልጣኝ ግን ያንኑ ነገር ለሌላው በቃል ማስረዳትና እስኪለምደው ድረስ መታገሥ አለበት። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ስለዚህ በወላይታ ሜዳዎች የሚጫወቱ ወጣቶች የአሠልጣኝነትን ትምህርት ገና በመጫወት ላይ ሳሉ ቢጀምሩ መልካም ነው እንላለን። አለበለዚያ ዕውቀታቸው ከእነርሱ ጋር ወደ ቤት ይገባል፤ ተከታዩም ትውልድ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ለመጀመር ይገደዳል።