ሌባ ሻይና ገመዱን የያዘው እጅ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ ላይ በነገሠበት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ በአንኮበር ከተማ ንብረቱን ሌባ የወሰደበት ሰው፣ በዓይኑ ያየ ምስክር ያጣ እንደ ሆነ፣ አቤቱታውን የሚያደርሰው ሌባ ሻይ ወደሚባለው ሹም ነበር። ይህ ሰው ግን በገዛ እግሩ ዞሮ፣ በገዛ አፉ ጠይቆ ሌባ የሚፈልግ አልነበረም፤ በእጁ ያሳደገው አንድ ብላቴና ነበረውና ፍለጋውን ሁሉ የሚያካሂደው በእርሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ለብላቴናው ጥቁር ዱቄት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ በላዩም ትምባሆ ያስጨሰዋል። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አእምሮውን ስቶ በእጁና በእግሩ እየዳኸ ሲነሣ፣ ጌታው በልጁ ወገብ ላይ ያሰረውን ገመድ ይዞ ከኋላ ይከተለዋል፤ እንዲህ ሆነው ከደጅ ወደ ደጅ፣ ከአጥር ወደ አጥር ሲዞሩ ይቆዩና፣ በመጨረሻ ብላቴናው ከአንዱ ቤት ገብቶ በባለቤቱ መኝታ ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ፣ ፍርዱ ተፈጸመ ማለት ነው። የተኛውን ልጅ በበትር እየመቱ ይቀሰቅሱታል፤ የመኝታው ጌታ ደግሞ ሌባ ተብሎ ይያዛል።

ይህን ሥርዓት ከመዘገቡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ፣ በ1839 ወደ ሸዋ የገባው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ነው፤ እርሱና ባልደረባው ኢዘንበርግ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በ1843 በሎንዶን ታትሟል። በ1841 የብሪታንያ መልእክተኛ ሆኖ አንኮበር የደረሰው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም ስለ ሌባ ሻይ በመጽሐፉ ጽፏል። የሩቅ አገር ሰው እንደ መሆናቸው የብላቴናው መዳኽና የዱቄቱ ምስጢር ቢያስደንቃቸው አያስነቅፋቸውም፤ ነገር ግን የአገሩን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው፣ ከዱቄቱ ይልቅ መመርመር የሚገባው ገመዱ ይመስለኛል። ጌታው በዚያው ከተማ የሚኖር፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን ቤት በድንገት እንደ ጠገበ፣ በገበያ ስለ ማን እንደሚታማ የሚሰማ ሰው ነው። ገመዱን በአንዱ ደጅ ላላ፣ በሌላው ደጅ ጠበቅ ቢያደርገው ማን ያውቅበታል? የተከሰሰውስ ሰው ራሱን የሳተ ሕፃን ምን ብሎ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊረታው ይችላል? ሌባ ሻዩ ሁሉ መማለጃ ተቀባይ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን መማለጃ ለመቀበል ከዚህ የተመቸ ሹመት በሸዋ ምድር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ንጹሑም ሰው ቢሆን፣ ብላቴናው ወደ ሰፈሩ ሲመጣ በሰላም ተቀምጦ የሚጠብቅ አልነበረም።

ከሣህለ ሥላሴ ዘመን እጅግ ቀደም ብሎ፣ ሌላይቱ የሸዋ ከተማ ደብረ ብርሃንም ከጠቋሚ ፈተና ያመለጠች አልነበረችም። ከተማይቱን የቆረቈራት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን ጣዖታት ያመልካሉ የተባሉትን ሁሉ በብርቱ ቅጣት በቀጣ ጊዜ፣ የገዛ ልጆቹን እንኳ ከቅጣቱ አላዳናቸውም፤ ዜና መዋዕሉም ከከሳሾቹ አንዳንዶቹ በሐሰት የመሰከሩ እንደ ነበሩና ኋላ እነርሱም በተራቸው እንደ ተቀጡ ይናገራል። ጠቋሚው እስኪጠቈም ድረስ ግን ስንቱ እንደ ጠፋ ቍጥሩን የያዘ የለም።

ይህን ነገር እንዳስብ ያነሣሣኝ ከሸዋ እጅግ የራቀ ሥራ ነው። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አንድሪው ላውና አለን ማክ የተባሉ አዘጋጆች በሆንግ ኮንግ፣ በካንቶን ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ኢንፈርናል አፌርስ የተባለ ፊልም ሠርተዋል፤ በቻይንኛ ግን የተሰየመው ቡድሂስቶች ዕረፍት የሌለበት ሲኦል በሚሉት የኩነኔ ቦታ ነው። የወንበዴዎች አለቃ ጐልማሶችን መርጦ ወደ ፖሊስ ትምህርት ቤት ይልካል፤ ፖሊስም በበኩሉ አንዱን ዕጩ ተባርሯል አሰኝቶ ወደ ወንበዴዎቹ ያሰርገዋል። ቶኒ ሊዩንግና አንዲ ላው የተጫወቷቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ እያንዳንዱ በጠላቱ ቤት ለብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ፣ ሁለቱም ወገኖች በመካከላቸው ሰላይ እንዳለ ይገነዘባሉ፤ ከዚያም፣ የታሪኩ ብልኀት ሁሉ በዚህ ላይ ነው፣ በፖሊስ ቤት የተቀመጠውን ሰላይ ፈልገህ አግኝ ተብሎ የሚሾመው ሰላዩ ራሱ ይሆናል። አሜሪካዊው ማርቲን ስኮርሴዚ ይህንኑ ታሪክ በ2006 ወደ ቦስተን ከተማ ወስዶ ቢሠራውና የኦስካር ሽልማት ቢያገኝበትም፣ የሆንግ ኮንጉ በጭምትነቱ ይበልጥብኛል።

የሆንግ ኮንግ ታሪክም ፊልሙን የሚያሳፍር አይደለም። ፒተር ጎድበር የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ፣ ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ከወዴት እንዳመጣ ሲጠየቅ፣ በ1973 ከተማይቱን ጥሎ ሸሸ፤ ሕዝቡም በአደባባይ ወጥቶ ጮኸ። በዚህ ምክንያት የቅኝ ግዛቷ ገዢ ማክልሆስ በ1974 ከፖሊስ የተለየ፣ ተጠሪነቱም ለገዢው ብቻ የሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን አቋቋመ፤ ጎድበርም በሚቀጥለው ዓመት ተይዞ ተመልሶ የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ነገር ግን በ1977 ብዙ ፖሊሶች ሰልፍ ወጥተው፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የኮሚሽኑን ጽሕፈት ቤት ሰብረው በገቡ ጊዜ፣ ገዢው ከዚያ ዓመት መባቻ በፊት ለተሠራው ጥፋት አብዛኛውን ምሕረት ለማድረግ ተገደደ። በእኛም አገር ይህን የመሰለ ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

የሸዋ ባላገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ገመዱን በአንድ ሰው እጅ የማይተው ሌላ ሥርዓት ነበረው፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። ከብት በሌሊት ቢነዳ፣ ጎተራ ቢሰበር፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ቢሰወር፣ ጭቃ ሹሙ ያገሩን ሰው ሁሉ፣ ባለርስቱንም ጭሰኛውንም፣ በአንድ ሜዳ ይሰበስባል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ የመጣውም ነገሩ ሳይለይ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከመካከላቸው የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻ ይቀመጡና እያንዳንዱ ተራ በተራ እየቀረበ፣ ምሎ፣ የሰማውን ይነግራቸዋል። የሌባውን ወገን በቀል የሚፈራ ሰው ወሬውን ከማን እንዳገኘ ለመናገር አይገደድም፤ ወፍ ነገረችኝ ይላል፤ ያችም ወፍ ማን እንደ ሆነች ሽማግሌዎቹ አይጠይቁም። ሌባው ሳይወጣ የቀረ እንደ ሆነ፣ የጠፋውን ንብረት ዋጋ አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ለመሸሸግ የሚፈልግ ሰው በገዛ ኪሱ ይሸሽገዋል።

ሌባ ሻይንና አውጫጭኝን ሳመዛዝን ለአውጫጭኝ አደላለሁ፤ ሺህ አፍ በአንድ ጉቦ መዝጋት ከባድ ነውና። ሆኖም ጉዳቱን መደበቅ አይገባም። አዝመራው ሳይሰበሰብ ገበሬው በሜዳ ላይ ሲጉላላ፣ እህሉን ዝናብ ይመታዋል፤ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ወይም በድንበር ነገር የተጠላ ሰው ስሙ ቶሎ ይነሣል፤ በአንጻሩ ደግሞ ወገነ ብዙ የሆነ ወንበዴ ቢጠረጠር፣ ወፏ ሳትናገር ይመሽባታል።

ሌባ ሻይ በሃያኛው ምዕት ዓመት ውስጥ እየቀረ ሄዶ የሽማግሌዎች ተረት ሆኗል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በ1954 ዓ.ም. የታወጀውም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ፣ ክሱን ለዐቃቤ ሕግ ሰጠ። አውጫጭኝ ግን በገጠር ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከብት ሲሰረቅ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ቀበሌ ዛሬም አለ። በዚያ ሜዳ የተገኘው ስም ወደ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ሕጉ የሚቀበለው፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ምሎ፣ በተከሳሹ ፊት ቆሞ፣ ለመስቀለኛ ጥያቄም መልስ የሚሰጥ ምስክር ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ስሙን ካገኙ በኋላ ሌላ ልመና ይጀምራሉ፤ በወፍ የተናገረው ሰው በገዛ ስሙ እንዲናገር።