የጠላቂዎች ኮምፒዩተር፤ አሠራሩና ዋጋው

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ ወደ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው፣ ከላይ ሆኖ ለሚመለከተው፣ ያለ ሥጋት የሚዝናና ይመስላል። ይሁን እንጂ አበው «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ሲሉ እንደ ተረቱት፣ የባሕር አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሳያስፈራ ነው። ከአደጋዎቹም አንዱ በጥልቁ ውስጥ ሳሉ የማይሰማ፣ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ ግን የሚገለጥ ነው። ጠላቂዎች ከዚህ አደጋ ለመጠበቅ እንደ ሰዓት በእጃቸው ላይ የሚያስሩት መሣሪያ የጠላቂዎች ኮምፒዩተር ይባላል። የመሣሪያው ዓይነት ብዙ ነው፤ ዋጋውም እጅግ የተራራቀ ነው። ለመሆኑ አንዱ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? ውድ የሆነውስ ከርካሹ ይበልጥ ሕይወትን ይጠብቃልን? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የአደጋውን ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል።

በባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው የአየሩ ክብደት ይጫነዋል። ይህም ጭነት የአንድ ከባቢ አየር ግፊት ይባላል። ሰውየው ወደ ባሕር ሲጠልቅ በየ10 ሜትሩ አንድ ተጨማሪ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመርበታል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ጠላቂው የሚተነፍሰውም አየር በዚያው ልክ የታመቀ ነው። ከአየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ሰውነት ይህን ጋዝ ለምግብነትም ሆነ ለኃይል አይጠቀምበትም። ይሁንና ግፊቱ ሲበረታ ናይትሮጅኑ በደምና በሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይጠራቀማል።

ጠላቂው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ የተጠራቀመው ጋዝ በሳንባ በኩል ያለ ጉዳት ይወጣል። ቸኩሎ ከወጣ ግን በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ይህም የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ክዳኑ እስካለ ድረስ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ በውሃው ውስጥ የነበረው ጋዝ ይፈላል። በሰው ሰውነት ውስጥ የሚፈጠር እንዲህ ያለ አረፋ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ነርቭን በመጉዳት ሽባ ያደርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገድላል።

የዚህን ሕመም ምክንያት ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። መከላከያውን በስሌት ያወጣው ግን ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴን ነው። ሆልዴን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል በፍየሎች ላይ ምርመራ ካደረገ በኋላ፣ ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ የሚያዝዝ ሠንጠረዥ በ1908 አወጣ። ሆልዴን እንደ ተረዳው፣ አንዳንዱ የሰውነት ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ በናይትሮጅን ሲሞላ ሌላው ሰዓታት ይፈጅበታል። በመሆኑም በስሌቱ ሰውነትን በአምስት ክፍል መደበው።

ሠንጠረዥ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አድኗል፤ ሆኖም አንድ ጉድለት አለው። ይህን ለመረዳት በቀይ ባሕር፣ በግብፅ የሲና ባሕረ ገብ መሬት አጠገብ ያለችውን ቲስልጎርም የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ መመልከት ይበቃል። መርከቢቱ ለእንግሊዝ ጦር የጭነት መኪናዎች፣ ሞተር ብስክሌቶችና ጥይት ጭና ሳለ በጥቅምት ወር 1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ ሰጠመች። ዛሬ በ30 ሜትር ገደማ ጥልቀት በአሸዋ ላይ ተቀምጣ የብዙ አገር ጠላቂዎች ይጎበኟታል። የላይኛው ክፍሏ ግን ከባሕሩ ገጽ ከ16 እስከ 18 ሜትር ባለ ጥልቀት ይገኛል።

አንድ ጠላቂ በአሸዋው ላይ አሥር ደቂቃ ቆይቶ የቀረውን ጊዜ በላይኛው ክፍሏ ቢያሳልፍ፣ ሠንጠረዡ ጊዜውን በሙሉ በ30 ሜትር እንደ ቆየ አድርጎ ይቆጥርበታል። ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ የቆየው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዥ፣ ሲወጡ በየደረጃው ሳይቆሙ ለመመለስ በ30 ሜትር የሚፈቅደው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። በ18 ሜትር ግን 60 ደቂቃ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከ30 ሜትር ወደ 18 ሜትር ከፍ ያለው ሰው ያተረፈውን ጊዜ ሠንጠረዡ አያውቅለትም።

ይህን ጉድለት የሚሞላ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ኮምፒዩተር በ1983 ለገበያ ቀረበ። በውስጡ የግፊት መለኪያና ሰዓት አለ። በየጥቂት ሴኮንዱ ጥልቀቱን እየለካ በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን ያሰላል፤ ከዚያም የቀረውን ጊዜ በገጹ ላይ ያሳያል። ከታወቁት ስሌቶች አንዱ የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን ያወጣው ሲሆን፣ ሰውነትን በ16 ክፍል ይመድባል።

ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒዩተሮች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ተራዎቹ ናቸው። በ2020ዎቹ ዓመታት ዋጋቸው በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 የአሜሪካ ዶላር ነበር። እነዚህ ጥልቀትን፣ በውሃ ውስጥ ያለፈውን ጊዜና ሳይቆሙ ለመውጣት የቀረውን ደቂቃ ያሳያሉ፤ ጠላቂው ሲቸኩልም በድምፅ ያስጠነቅቃሉ። በ5 ሜትር ገደማ ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆምም ያሳስቡታል። ብዙዎቹ በኦክሲጂን ለበለጸገ አየርም ይሠራሉ። እንዲህ ባለ አየር የሚተነፍስ ሰው የሚጠራቀምበት ናይትሮጅን አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ኦክሲጂን በጥልቀት መርዝ ስለሚሆን ወሰን አለው። 32 በመቶ ኦክሲጂን ላለው አየር የተለመደው ወሰን 34 ሜትር ያህል ነው።

ሁለተኛዎቹ በእነዚያው በ2020ዎቹ ዓመታት ከ400 እስከ 600 ዶላር ያወጡ የነበሩት ናቸው። የእነዚህ ገጽ ሰፊና ባለ ቀለም ሲሆን፣ ውሃው በደፈረሰ ወይም በጨለመ ጊዜ በቀላሉ ይነበባል። አብዛኛዎቹ ባትሪያቸው በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ አንዳንዶቹም የአቅጣጫ መጠቆሚያ አላቸው። ሦስተኛዎቹ በዚያው ዘመን ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጡ ነበር። በሲሊንደሩ ላይ ከሚገጠም መልእክት አስተላላፊ ጋር ሲገናኙ የቀረውን አየር በእጅ ላይ ያሳያሉ። አስተላላፊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ከ300 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ልዩ ልዩ የጋዝ ቅልቅል ይዘው እጅግ ጥልቅ ወደ ሆነ ስፍራ ለሚወርዱ ባለሙያዎችም ይስማማሉ።

እንግዲህ ዋጋውና ጥቅሙ ሲመዛዘን አንድ ነገር ይገለጣል። ሕይወትን የሚጠብቀው ዋና ስሌት በርካሹም በውዱም ውስጥ ይገኛል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው የንባብን ቅልጥፍና፣ ምቾትንና ለልዩ ሥራ የሚያስፈልግ ችሎታን ነው። እርግጥ ነው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው በግልጽ የሚነበብ ገጽ ከምቾትም በላይ ነው። ይሁን እንጂ በመዝናኛ ወሰን ውስጥ ለሚጠልቅ ጀማሪ ተራው መሣሪያ ይበቃዋል። ከዋጋው ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው መመሪያው የሚገባው መሆኑን፣ ባትሪ ድንጋዩን ራሱ መለወጥ መቻሉንና ስሌቱ ምን ያህል ጥንቁቅ መሆኑን ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ጠልቀው አብረው ቢወጡም፣ የስሌቱ ዓይነት ከተለያየ አንደኛው መሣሪያ «ውጣ» ሲል ሌላው ገና ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የጥንቁቁን ትእዛዝ መከተል ይገባቸዋል። በአንድ መሣሪያ ለሁለት መጥለቅ ግን አይገባም፤ የሁለት ሰዎች ጥልቀት ለጥቂት ሜትር እንኳ ቢለያይ ስሌቱ የሚስማማው ለአንደኛው ብቻ ነውና።

መሣሪያው የማያውቃቸውም ነገሮች አሉ። የጠላቂው ድካም፣ የውሃ ጥም ወይም ሕመም በስሌቱ ውስጥ በሚገባ አይገባም። ከውሃ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድም አያውቅም። ይህ የመጨረሻው ለአፍሪካ ቀንድ ልዩ ትርጉም አለው። ከምፅዋ እስከ አስመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጥቂት ሰዓት ከባሕር ጠረፍ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ያወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህም በሚበርር የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። የጠላቂዎች ሐኪሞች ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ተደጋግሞ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ በአውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ይመክራሉ። ስለዚህ በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው፣ አውሮፕላን ባይሳፈርም፣ ያንኑ አደጋ ይጋራል። ኮምፒዩተሩ የዕረፍቱን ሰዓት ይነግረዋል እንጂ መኪናውን ሊያስቆምለት አይችልም።

በአጭሩ፣ የጠላቂዎች ኮምፒዩተር ሰው በዓይኑ የማያየውን የሚቆጥርለት ረዳት ነው። የገዢው ገንዘብ የመሣሪያውን ዓይነት ይወስናል፤ ሕይወቱን የሚጠብቀው ግን የመሣሪያውን ምክር ሰምቶ በዝግታ የመውጣት ልማዱ ነው።

መልመጃ

ሀ. የቃላት ፍች
1. ጠላቂ፤ ወደ ውሃ ውስጥ ወርዶ የሚቆይ ሰው
2. ግፊት፤ አንድ ነገር በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ጭነት
3. ባሕረ ገብ መሬት፤ በሦስት ወገን በውሃ የተከበበ ምድር

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. በ20 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በባሕር ገጽ ላይ ካለው ስንት እጥፍ ነው?
2. የአምቦ ውሃ ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ ምንን ያስረዳል?
3. ሠንጠረዥና ኮምፒዩተር በአሠራራቸው በምን ይለያያሉ?
4. በዳህላክ የጠለቀ ሰው በዚያው ቀን ወደ አስመራ መውጣት የማይገባው ለምንድን ነው?
5. ሦስቱን የኮምፒዩተር ወገኖች በማነጻጸር አንድ አንቀጽ ጻፉ።