ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወዲያ ያለው ባዶ መሬት

አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር አብራሪዎች «ቪ ዋን» የሚሏት አንዲት ፍጥነት አለች። ከእሷ በፊት ከባድ ችግር ከታየ ፍሬን ይያዛል። ከእሷ በኋላ ግን አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ መነሳት ነው፤ ለመቆም የቀረው ማኮብኮቢያ አይበቃማ! አብራሪዎች ይህን ደጋግመው የሚለማመዱት በዚያች ሰከንድ ቆመው እንዳያመነቱ ነው።

ታዲያ አውሮፕላኑ ጭራሽ አልነሳም ቢልስ?

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2017 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ዊሎው ረን አየር ማረፊያ የሆነው ይኸው ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለውድድር ወደ ዋሽንግተን ሊጓዝ በኪራይ ኤምዲ-83 አውሮፕላን ተሳፍሯል። 110 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ነፋሱ ከመክበዱ የተነሳ የመቆጣጠሪያ ማማው ሠራተኞች እንኳ ማማውን ለቀው ወጥተዋል።

የዕለቱ «ቪ ዋን» 139 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረች። አለፈች። ካፒቴኑ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ አፍንጫው አልተነሳም። የበለጠ ሳበ፤ ምንም የለም። በሴኮንዶች ውስጥ ወሰነና የተከለከለውን አደረገ፤ መነሳቱን ሰረዘ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ሣሩ ላይ ወጣ፣ አጥር ጥሶ 300 ሜትር ገደማ ተጉዞ ቆመ። ከ116ቱ ሰዎች አንድ ሰው ብቻ ቀላል ጉዳት ደረሰበት።

በኋላ ሲመረመር ነገሩ ወዲህ ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ፣ በአቅራቢያው ካለ ትልቅ ሃንጋር ጋር እየተጋጨ የሚመጣው የሚሽከረከር ነፋስ ጭራው ላይ ያለውን፣ አፍንጫን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል በቀኝ በኩል ቆልፎት ነበር። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ደግሞ አብራሪዎቹ ከበረራ በፊት ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሰዎቹ እንዲተርፉ ረድተዋል ያላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የካፒቴኑ ፈጣን ውሳኔ ነው። ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ። ካፒቴኑ ለዚህ አውሮፕላን ዓይነት አዲስ ስለነበር አጠገቡ የተቀመጠው አሰልጣኝ ነበር፤ የበረራው የመጨረሻ ኃላፊነትም የአሰልጣኙ ነው። የሰለጠነበት ሕግ «አሁን አይቆምም» ይለዋል፣ መሪው ላይ ያለው ሰው ግን እያቆመ ነው። ቢነጥቀው ኖሮ ግማሹ ፍሬን፣ ግማሹ ሞተር ይሆን ነበር። አልነጠቀውም፤ ውሳኔውን አከበረለት።

ሦስተኛው ሣሩ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወዲያ ያለው መሬት አደጋው ከመድረሱ ዓመታት በፊት፣ ከ2006 እስከ 2009 በተሠራ ሥራ፣ የደህንነት ደረጃውን እንዲያሟላ ተስተካክሎ ነበር።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ፊን ኪድላንድንና ኤድዋርድ ፕሬስኮትን ያስታውሳል። በ1977 በጻፉት ጥናት፣ አስቀድሞ የታሰረ ሕግ በየጊዜው ከሚደረግ ውሳኔ የሚሻልበትን ምክንያት አሳዩ፤ በ2004 ኖቤል ተሸለሙ። «ቪ ዋን»ም እንዲሁ ናት። በድንጋጤ ሰዓት ሰው የሚወስነውን ከማመን፣ በተረጋጋ ሰዓት የተሰላውን ማመን ይሻላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ካፒቴኑ ትክክል ነበር ማለት ነገ ሌላው እንደፈለገው ይቁም ማለት አይደለም።

ግን ማንኛውም ሕግ ሳይናገረው የሚያምነው ነገር አለ። ይህኛው «አውሮፕላኑ መብረር ይችላል» ብሎ ያምናል። ያ እምነት ሲፈርስ የሚያድነው የሰው ዳኝነት ነው፤ ዳኝነት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ያንን ቦታ በዚያች ሰከንድ መግዛት አይቻልም። በ2009 ያንን ሣር ያየ ሰው «ይኼ ሁሉ ገንዘብ ለባዶ ሜዳ?» ቢል አይፈረድበትም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ሲያደርግ አልታየማ። የመጠባበቂያ ወጪ ጣጣው ይኸው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አንድ ቀን ነው፣ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ብክነት ይመስላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ እሳቱ ከመጣ በኋላ ቅጠል ስለማይረባ ጭምር ነው።

ቡድኑ በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን ዋሽንግተን ገባ። ማሊያው አደጋ የደረሰበት አውሮፕላን ውስጥ ስለቀረ የመጀመሪያውን ጨዋታ በልምምድ ማሊያ ተጫወተ፤ አሸነፈም። በአራት ቀን አራት ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ጋዜጦች ያወሩት ስለ ዋንጫው ነው። ስለ ሣሩ ግን ማንም ብዙ አላወራም።