የማሽላ ሻጋታና የጉበት ካንሰር

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ዋጃና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ማሽላ ዋነኛ የምግብ እህል ነው። ዝናብ አጥሮት የተጎዳ ወይም በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ ማሽላ ደግሞ አስፐርጂለስ ፍላቨስ ለተባለ ሻጋታ ይጋለጣል። ሻጋታው ከሚያመነጫቸው መርዞች መካከል አፍላቶክሲን ቢ1 የጉበት ካንሰርን በማስከተል ረገድ እጅግ ብርቱ ከሆኑት የተፈጥሮ ኬሚካሎች አንዱ ነው። ለመሆኑ ይህ መርዝ በጉበት ውስጥ ምን ዓይነት ባዮኬሚካዊ ለውጥ ያስከትላል?

መርዙ የሳይንቲስቶችን ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ሀገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የተባሉ ዶሮ መሰል አዕዋፍ ባለቁበት ወቅት ነው። ምክንያቱም የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ መመገባቸው ሆኖ ተገኘ።

አፍላቶክሲን ቢ1 በተፈጥሮ ቅርጹ ከዲኤንኤ ጋር አይጣመርም። በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ግን ጉበት ከሰውነት ለማስወገድ ሲል ይለውጠዋል። ሳይቶክሮም ፒ-450 የተባሉ ኢንዛይሞች አንድ የኦክሲጅን አቶም ይጨምሩበትና ኤፖክሳይድ የተባለ፣ ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር በፍጥነት የሚጣመር ውህድ ይፈጥራሉ። እንግዲህ አደገኛውን ቅርጽ የሚሠራው መርዙን ሊያስወግድ የተነሳው ጉበት ራሱ ነው። ግሉታታዮን የተባለው ሞለኪውል በኢንዛይም እየታገዘ ከኤፖክሳይዱ ጋር ሲጣመር መርዙ ጉዳት ሳያደርስ ይወገዳል።

ከዚህ ያመለጠው ኤፖክሳይድ በዲኤንኤ ውስጥ ካለው ጉዋኒን ጋር ይጣበቃል። ጉዳቱ ሳይጠገን ሕዋሱ ከተከፈለ በጉዋኒን ቦታ ታይሚን ሊተካ ይችላል። ይህ ለውጥ የሕዋስ ክፍፍልን በሚቆጣጠረው ፒ53 ጂን 249ኛ ኮዶን ላይ ሲደርስ አርጂኒን የነበረው አሚኖ አሲድ ሴሪን ይሆናል፤ ፕሮቲኑም የተቆጣጣሪነት ሥራውን ያጣል።

የተለወጡት ሕዋሳት ጠባያቸውም ይለያል። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ እንደታየው መርዝን የሚያነቃቁት ኢንዛይሞች ይቀንሱባቸዋል፤ መርዝን የሚያስወግዱት ደግሞ ይጨምሩላቸዋል። በመሆኑም ጤነኞቹ ሕዋሳት በመርዙ ሲጎዱ እነርሱ ይባዛሉ። ካንሰሩ ሲጎለብት ግሉኮኪኔዝ በሄክሶኪኔዝ 2 ይተካል፤ ሕዋሱም ኦክሲጅን እያለ እንኳ ግሉኮስን በብዛት ወደ ላክቴት ይለውጣል። ከልደት በኋላ መመረቱ የሚቀንሰው አልፋ ፊቶፕሮቲንም በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ እንደገና ከፍ ይላል። ሐኪሞች ለምርመራ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ የአፍላቶክሲን ካንሰር አምጪነት 30 እጥፍ ገደማ እንደሚበረታ ይገመታል። የቫይረሱ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መርዙ ግን ሙቀትን ስለሚቋቋም እንጀራ በመጋገር ወይም ንፍሮ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ያለው ከምጣዱ በፊት ነው፦ ማሽላውን ፈጥኖ ማድረቅ፣ እርጥበቱን ከ13 በመቶ በታች አድርጎ ማከማቸት፣ የሻገተውንም ፍሬ ለቅሞ ማስወገድ። የሻገተውን ለከብት መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ ተለውጦ በወተት በኩል ወደ ሰው ይመለሳልና።